የአክስቴ የዳንቴል አልጋ ልብስ

በአክስቴ ቤት ራቁቱን የሚውል ዕቃ አልነበረም። ቴሌቪዥኑ ነጭ ዳንቴል ይለብሳል፤ ፍሪጁ ይለብሳል፤ የሶፋው ክንዶች፣ ስልኩ፣ የውሃው ጆግ ሳይቀር ይለብሳሉ። በጅቡቲው ካርቲየ 6 ሰፈር ሙቀት ሰዉ ሸሚዙን አውልቆ በሽርጥ ሲቀመጥ፣ የአክስቴ ዕቃ የክት ልብሱን ለብሶ ይውላል። አንዴ ቬንትሌተሩን እንኳ አልብሳው ነበር። ስንከፍተው ዳንቴሉን ጎትቶ ዋጠና ተንቋቅቶ ቆመ። አክስቴ "ባለጌ!" ብላ ሰደበችው።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። አያቴ በምድር ባቡር ሥራ ከድሬዳዋ መጥቶ እዚሁ ጅቡቲ ስለቀረ ሁለቱም እዚሁ ተወልደው አደጉ። አክስቴ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አንድ የፈረንሳይ ቤተሰብ ዘንድ ታበስላለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው ቀን የኪሮሽዋ ነው። እናቴ ሱቅ ስለምትውል እኔ ከትምህርት ቤት የምመለሰው ወደ አክስቴ ነበር። አሥር ዓመት ሲሞላኝ "እጅሽ ሥራ ፈትቶ ነገር ከሚፈልግ" ብላ ኪሮሽ አስጨበጠችኝ።

ነጭ ክር ላብ አይወድም፤ ጅቡቲ ደግሞ ላብ የማይወጣው ሰው የለም። ስለዚህ ሥራችን የሚጀምረው ከሳፋው ነበር። እጃችንን በሳሙና ታጥበን፣ አድርቀን፣ የሕፃን ፓውደር እንነሰንስበታለን። ክሩ ክዳኑ በተበሳ የወተት ጣሳ ውስጥ ይቀመጥና በቀዳዳው እየወጣ ይሠራል፤ አቧራ አያገኘውም። እኔ ግን ታጥቤም፣ ፓውደር ነስንሼም አንድ ነገር አልለቀቀኝም። ቁጡ ነኝ፤ ያኔም ነበርኩ፤ ቁጣዬ ደግሞ የሚወጣው በጣቴ ነበር። ክሩን ጥብቅ አድርጌ ነው የምስበው።

"አቦ! ይሄ ክር ምን በደለሽ? አንቀሽ ልትገይው ነው?" ትለኛለች።

እኔም ይብስ እናደድና ይብስ አጠብቃለሁ። ሥራሽ ጥሩ ነው ብላኝ አታውቅም። "ይሁን" ትላለች፤ ከሷ አፍ የሚወጣው ትልቁ ምስጋና እሱ ነበር።

አክስቴ አንድ ልጅ ብቻ ነው ያላት፤ ሴት። ልጅቷ የተወለደች ቀን አክስቴ ለራሷ ቃል ገብታ ነበር፦ ስትዳር በእናቷ እጅ የተሠራ የአልጋ ልብስ ይዛ ትወጣለች። የአልጋ ልብሱ አንድ መቶ ባለ አራት ማዕዘን ዳንቴሎች ተሠርተው፣ በመጨረሻ እርስ በርስ ተያይዘው የሚያልቅ ነው። ሙሽራዋ ከሠርጓ በፊት እንዳታየው አክስቴ እያንዳንዱን እንደጨረሰች ሣጥን ውስጥ ቆልፋ ታስቀምጣለች። ስድሳው ሲያልቅ ልጅቷ ለጥር ታጨች፤ በዚያው ሰሞን የአክስቴን ዓይን ሞራ ጋረደው። ሐኪሙ የሰጣት የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ከሠርጉ በኋላ ነበር።

አክስቴ ስታለቅስ ያየኋት ያኔ ብቻ ነው። ስለ ዓይኗ አልነበረም። "ልጄን ባዶ እጇን ልሸኛት ነው" እያለች ነበር።

ያን ጊዜ ሃያ ዓመት አልሞላኝም፤ ግን አፌን ሞልቼ "የቀረውን አርባ እኔ እሠራዋለሁ" አልኩ። ሦስት ወር ሙሉ ሠራሁ። የጨረስኩትን በፌስታል እያጠራቀምኩ ሣጥኑን አንድም ቀን ሳላስከፍት፣ አንዱንም ከሷ ሥራ ጋር ሳላስተያይ አርባውን ጨረስኩ። ጀግና የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ሠርጉ አሥር ቀን ሲቀረው፣ ሙሽራዋ ሥራ በዋለችበት ሰዓት፣ ሣጥኑን ከፍተን ዳንቴሉን ሁሉ ምንጣፍ ላይ ደረደርን። ክው አልኩ። የኔ እያንዳንዱ ከሷ በአንድ ጣት ያንሳል። ቢያያዝ ይጨማደዳል እንጂ አልጋ ልብስ አይሆንም። አርባውን እንደገና ለመሥራት ደግሞ ጊዜ የለም።

"እትዬ፣ አበላሸሁት" አልኳትና ተንሰቀሰቅኩ።

አክስቴ የኔንና የሷን በሁለት እጇ ይዛ ዳሰሰች፣ እንደገና ዳሰሰች። ከዚያ ሳቀች። "ሆድሽ ያልቻለውን ሁሉ እዚህ ቋጥረሽዋል!" አለች። ቀጥላ ከራሷ ሥራ አንዱን አንስታ፣ የክሩን ጫፍ በጥፍሯ ፈልጋ፣ መተርተር ጀመረች።

"እትዬ! ምን እያደረግሽ ነው?"

"ያንቺን ለማስፋት ዓይን ያስፈልጋል፤ እሱ የለኝም። የኔን ለማሳነስ ግን ጣት ይበቃል።"

የመጨረሻውን ዙር ፈታ አቀበለችኝ። እኔ ጫፉን ቋጠርኩ። ከምንጣፉ ላይ የኔን አንዱን አንስቼ ለካሁት፤ ልክክ አለ። እንዲህ ስድሳውንም፣ ያን የስንት ዓመት ልፋቷን፣ እያዜመች ፈታችው፤ አንዴም አላመነታችም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የሷ እንባ ጣቷ ላይ ነበር።

አልጋ ልብሱ ያጣውን ስፋት ደግሞ የተፈታው ክር ካሰው። መቶውን በሱ አያያዝኳቸው፤ ዙሪያውንም ሰፊ ዘርፍ ሠራሁለት። እኔ ስሠራ አክስቴ የፈረንሳዮቹን እመቤት አረማመድና አነጋገር እያስመሰለች ታስቀኛለች፤ በሳቅ የሚፈርስ ሰው ክር ማጥበቅ አይችልም። ዘርፉ ለስልሶ ወጣ፤ ከሠርጉ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ አለቀ።

የሠርጉ ዕለት ሴቶቹ የሙሽሮቹን መኝታ ክፍል ሞልተውት አልጋውን ይዳስሳሉ። እኔ ሳሎን ሆኜ በሩ ሥር ጥብሴን እበላለሁ። ከካርቲየ 1 የመጣች አንዲት ወይዘሮ አክስቴን አቅፋ ሳመቻትና "እጅሽ ይባረክ! ለኔም ልጅ እንዲህ ያለውን ትሠሪልኛለሽ" አለቻት።

አክስቴ የማላመጤን ድምፅ ተከትላ ወደኔ ዞረች። "እኔ ጨርሻለሁ። እጄ አሁን ያለው እሷ ጋ ነው፤ እሷን አነጋግሪያት።"

ልቤ ቅቤ ጠጣ። ማልቀስም መጮህም አማረኝ፤ አፌ ግን ሥጋ ሞልቶታል። ወይዘሮዋ ፊቴ ቆማ ትጠብቃለች። ጎርሼ የነበረውን እንደምንም ዋጥኩና፦

"አልጋሽ ስንት በስንት ነው?" አልኳት።