አባይን በቢጎዲን መሻገር

ደብረ ማርቆስ ላይ ፀጉር ቤት ከከፈትኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። አንዲት ክፍል ናት፤ ሁለት መስታወት፣ አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ በሩ ላይ መጋረጃ። ሙያውን አዲስ አበባ ኮርስ ወስጄ ስለተማርኩ የሚያቅተኝ ፀጉር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሂጃብ የለበሰች ሴት መጣች። ከወሎ ተመድባ የመጣች የኬሚስትሪ መምህርት ናት። "እርስዎ" ብዬ ሳናግራት "እኩያሽ ነኝ፣ አንቺ በይኝ" አለችና መጋረጃውን እንድስበው ጠየቀችኝ። አዲስ አበባ የምትኖር እህቷ ቅዳሜ ታገባለች። የሴቶቹ ግብዣ ላይ ሂጃቧን ስለምታወልቅ ፀጉሯ ተተኩሶ ከጫፉ እንዲጠቀለልላት ፈለገች። አውቶቡሷ አርብ ጠዋት ነው።

ፀጉሯ ረጅምና ብዙ ነው፤ ኬሚካል ነክቶት አያውቅም። አጥቤ፣ አድርቄ፣ በፔስትራ ስተኩሰው ሁለት ሰዓት ፈጀብኝ። ትከሻዋ ላይ ሲወርድ ደስ አለኝ። ከዚያ የውሃ መርጫውን አነሳሁና እየረጨሁ በቢጎዲን መጠቅለል ጀመርኩ። አራተኛው ላይ ስደርስ መጀመሪያ የጠቀለልኩት ፀጉር ከሥሩ ተነፍቶ ቆሟል።

በመስታወቱ አየችኝ። "ምንድን ነው የምትረጪበት?"

"ውሃ። ጥቅልሉ እንዲይዝ ነው። እንደዚህ ነው የተማርነው።"

"የተማርሽው ኬሚካል በገባበት ፀጉር ይሆናል። የኔን የዘረጋው ሙቀት ብቻ ነው። ውሃ ሲያገኝ ወደነበረበት ይመለሳል።"

"ፀጉርሽ አስቸጋሪ ነው" አልኳት። ይህን ማለቴ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

"ፀጉሬ ምንም አልሆነም" አለች። አልተቆጣችም፤ ተማሪ ፊት እንደቆመች ነው የተናገረችው። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ቢጎዲኖቹን ፈታሁ። የረጠበውን ብቻ በደንብ አደረቅኩና፣ እንዳይቃጠል የፔስትራውን ሙቀት ቀንሼ አንዴ ብቻ አሳለፍኩበት። ከዚያ እሷ እየነገረችኝ በደረቁ ጠቀለልኩት። የፀጉር ዘይት የቀባሁት በጣቴ ጫፍ ያህል ብቻ ነው። ሲያልቅ ካስክ ውስጥ አስገባኋት። ከካስኩ ስትወጣ ልፈታላት እጄን ስዘረጋ ራሷን ሸሸት አደረገች።

"ቆይ። ሙቅ እያለ ከተፈታ ይዘረጋል። ቅርጹን የሚይዘው ሲቀዘቅዝ ነው።"

ተቀምጠን ጠበቅን። ውጪ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ። በዚያ ዝናብ ፈትታው ብትወጣ ቤቷ እስክትደርስ ድካማችን ሁሉ ከንቱ እንደሚሆን ለሁለታችንም ገባን።

"እንዲሁ እሄዳለሁ" አለች።

"እስከ አዲስ አበባ?"

"እስከ አዲስ አበባ።"

ቢጎዲኖቹን እንዳሉ በለስላሳ ሻሽ አሰርኩላት፤ ከላይ ሂጃቧን ደረበች። ጭንቅላቷ ሁለት እጥፍ ሆነ። መስታወቱን አይታ ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ።

"ፍተሻ ላይ ምን ልትይ ነው?"

"ፀጉሬ ነው እላለኋ።"

መስከረም ላይ ተመልሳ መጣች። ቁጭ ሳትል ነው የነገረችኝ። ደጀን ላይ ፈታሿ ራሷን ዳብሳ "ይሄ ምንድን ነው?" ስትላት እውነቱን ነገረቻት። ፈታሿ የሂጃቧን ጠርዝ ገለጥ አድርጋ አየችና የት እንደተሠራች ጠየቀቻት። አባይ በረሃ ሲወርዱ ግን ሙቀቱ አየለ። አጠገቧ የተቀመጡ ሴትዮ ብርድ ይመታኛል ብለው መስኮቱን አላስከፍት አሉ፤ ማጅራቷን ላብ አጠመቀው። አዲስ አበባ ደርሳ ስትፈታው የፊትና የጎኑ ጥቅልል ሆኖ ወረደ። ማጅራቷ ላይ ያለው ግን ተሰብስቦ ወደ ጥንቱ ተመልሷል። እህቷ የኋላውን ወደ ላይ አንስታ በፀጉር ሽቦ ያዘችላት።

"ሰው አወቀ?" አልኳት።

"እናቴ ብቻ። እሷም ሆን ብዬ ያስያዝኩት መስሏት ወደደችው።"

የኋላው አለመያዙ ከነከነኝ። ጥፋቱ የላቡ ቢሆንም የኔ መሰለኝ። እሷ ግን ጉዳዩን ዘግታዋለች። ያን ቀን ትምህርት ስለተጀመረ ሹሩባ ልትሠራ ነበር የመጣችው፤ ሠራኋት። በዓመቱ ተዛውራ ሄደች፤ የት እንደሆነ አላወቅሁም።

ዛሬ ከአጎራባች ከተሞች፣ ከአማኑኤልም ከቁይም ሙሽሮች ይመጡልኛል። በደረቁ ጠቅልዬ፣ እስኪቀዘቅዝ አስቀምጣቸዋለሁ። የሚቸኩሉ አሉ፤ ፍቺኝ ብለው የሚነጫነጩም አሉ። ከየት ተማርሽው ሲሉኝ ለረጅም ጊዜ "አዲስ አበባ" እል ነበር። አሁን አሁን "አንዲት ደንበኛዬ አስተምራኝ ነው" እላለሁ። አብዛኞቹ ቀልድ ይመስላቸዋል።