ባለ ጎማው ባንዲራ

ውድነሽ ባንዲራ ስታይ መጀመሪያ ዓይኗ የሚያርፈው ቀለሙ ላይ ሳይሆን ጫፉ ላይ ነው። ነፋስ ባንዲራን መብላት የሚጀምረው ከዘንጉ በራቀው በኩል ነው፤ የኮሎራዶ ነፋስ ደግሞ ሆዳም ነው። እሷ ያንን ጫፍ ሦስት ጊዜ አጥፋ በአራት መስመር ትሰፋዋለች። ይህን የተማረችው ዴንቨር ውስጥ ካፒቶል ሂል ሰፈር ተከራይታ በእግሯ ወደ ሥራ በምትመላለስበት ዘመን፣ ባንዲራ የሚሰፋ አንድ ትንሽ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ፋብሪካው ሲዘጋ ባልደረቦቿ የሥራ ማመልከቻ ሲሞሉ፣ እሷ ትሰፋበት የነበረውን ከባድ የስፌት መኪና ገዝታ ወጣች።

መኪናው ያረፈው ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ፣ በምሥራቅ በር መረዳጃ ማኅበር አዳራሽ ጀርባ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል ነበር። ክፍሏን የሰጧት የማኅበሩ ሊቀመንበር አቶ ዳኛቸው ናቸው። ኪራይ የለም፣ ውልም የለም። "እዚህ ሁኚ፣ ማን ይከለክልሻል?" አሏት፤ በዚያች ቃል አሥራ አንድ ዓመት ሠራች። በሩ ላይ የሷ ስም የለም፤ የማኅበሩ ምልክት፣ ሁለት ክንፍ ያለው ቡናማ በር፣ ብቻ ነው ያለው። ደንበኞቿ 15 ቁጥር አውቶቡስ ላይ ሱሪያቸውን አንጠልጥለው ይመጣሉ። ቁጥር ያለው ቲኬት ትቀድና ግማሹን ልብሱ ላይ በመርፌ ቁልፍ ትይዛለች፣ ግማሹን ለባለቤቱ ትሰጣለች። የማኅበሩ መጋረጃ፣ የጠረጴዛ ልብስና ድንኳን ግን ያለ ቲኬት፣ ከሁሉም ቀድሞ ይሰፋል። የቤት ነዋ።

በሰኔ መጨረሻ ምንትዋብ መጣች። ምንትዋብ ዴንቨር ኢንተርናሽናል አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ዊልቸር የሚገፉ ሰዎች ያቋቋሙት እድር ሰብሳቢ ናት። እድሩ አርባ ሦስት ቤተሰብ ነው፤ የራሱ ፈቃድ የለውም። በማኅበሩ ፈቃድ ይሠራል፣ በማኅበሩ አዳራሽ ይሰበሰባል፣ ሐዘን ሲመጣም በማኅበሩ ድንኳን ይቀመጣል።

"እትዬ ውዴ፣ ባንዲራ ልናወጣ ነው።"

"የምን ባንዲራ?"

"የራሳችን። ለዘመን መለወጫ ፓርኩ ውስጥ ሰልፍ ስንገባ ሁልጊዜ ከማኅበሩ ኋላ ዝም ብለን እንጎተታለን። አምና አንዲት ሴትዮ 'እናንተ የወጥ ቤት ኮሚቴ ናችሁ?' አለችኝ።"

"ምን አልሻት?"

"አዎ አልኳት። ወጥም ጨመርኩላት።"

የያዘችው ሥዕል ከአንድ የበረራ በር ላይ በተነሳ ወረቀት ጀርባ የተሣለ ነበር፤ ሰማያዊ መደብ፣ መሐሉ ላይ ነጭ የዊልቸር ጎማ። ውድነሽ የጎማውን ሽቦዎች ቆጠረች።

"አሥራ ሁለት? ከሩቅ ሲታይ የተቆረጠ ብርቱካን ነው የሚመስለው። ስምንት ይበቃል።"

"ስምንት ይሁን።"

ቲኬት ቀደደችላት።

በሦስተኛው ቀን አቶ ዳኛቸው ብቅ አሉ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። የከተማውን ግማሽ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ድረስ በታክሲያቸው ያደረሱ ሰው ናቸው፣ ውድነሽንም ጭምር።

"ባንዲራ ትሰፊያለሽ አሉኝ።"

"እሰፋለሁ ጋሼ።"

"መልካም። ማኅበሩ አይከለክልም። ብቻ ላይኛው ጥግ ላይ፣ በዘንጉ በኩል፣ የኛ በር ይግባበት። ሩቡን ያህል።"

"ለምንትዋብ ይንገሯት እንጂ።"

"አንቺ ንገሪያት። እኔ ከነገርኳት ትእዛዝ ይመስላል።"

በዚህ ዓይነት ውድነሽ ሳትሾም መልእክተኛ ሆነች። ምንትዋብ ሩብ ሲባል ሰምታ "እኛስ የት ልንገባ ነው?" አለች። ሩቡ ወደ አንድ ስድስተኛ ወረደ፣ ስድስተኛውም ወደ አንድ መዳፍ። ምንትዋብ ከጀርባ በኩል ይሁን ብላ አሳብ አመጣች። ውድነሽ ባንዲራ ጀርባ እንደሌለው፣ ነፋስ ሁለቱንም ፊት እንደሚያሳይ አስረዳቻት። ማኅበሩ በበኩሉ መዳፏ ብትገባም እንኳ ነገርየው ባንዲራ ተብሎ አይጠራ አለ። ሰማያዊው ጨርቅ መደርደሪያ ላይ ታጥፎ ሐምሌ ገባ።

አቶ ዳኛቸው አንድ ቀን ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆሙ። "ኮሚቴው ለኮምፒውተር የሚሆን ክፍል እያየ ነው" አሉ፣ ግድግዳውን በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ። ሌላ አልጨመሩም። ውድነሽ ገባት።

የዚያን ለት አውሮራ ከተማ ያለው ቤቷ ስትገባ ቀጥታ ወደ ጋራዡ ሄደች። ግድግዳውን በሜትር ለካች። ሶኬት አንድ፣ መብራት አንድ፣ ማሞቂያ የለም። አውቶቡስ ጣቢያው ሃያ ደቂቃ በእግር ነው፤ ከደንበኞቿ ግማሾቹ ያንን አይሄዱም። ይህን ሁሉ ቡናማ ወረቀት ላይ ጻፈችው። ልጇ አቢጊያ ከሥራ ስትመለስ እናቷን እዚያው አገኘቻት።

"ማሚ፣ ሲሪየስሊ? ጋራዡን? እኔ የት ፓርክ ላድርግ?"

"ውጪ። ያንቺ መኪና ብርድ ይችላል፤ የኔው ዘይቱ ይረጋል።"

በሳምንቱ ከማኅበሩ ሽማግሌ ተላከባት። ሦስት ነበሩ። መሪያቸው ጋሽ ሀይለማርያም በዘመናቸው ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ፕሮቶኮል ክፍል የሠሩ፣ በሐምሌ ሙቀት ክራቫታቸውን የማይፈቱ ሰው ናቸው። በልማዱ መሠረት ጉዳያቸው እሺ ሳይባል አይቀመጡም። ክፍሏ ውስጥ ያለው ወንበርም አንድ ነው፤ እሱም ላይ የሚዜ ቀሚስ ተቀምጧል።

"ልጄ፣ ይህ ነገር አዲስ አይደለም" አሉ ጋሽ ሀይለማርያም። "በታላላቅ መንግሥታት ጥበቃ ሥር ከነበሩ ትናንሽ አገሮች ውስጥ ባንዲራ ሲያወጡ የጠባቂውን ምልክት ጥግ ላይ ያኖሩ አሉ። ደብዳቤ ይጻጻፉበታል፣ አምባሳደር ይመላለስበታል። ማንም አልተዋረደም።"

"ባንዲራውን የምትሰፋዋ ላይም ሽማግሌ ይልኩ ነበር?"

ከሦስቱ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነው። ጋሽ ሀይለማርያም ግን ጥያቄውን በቁም ነገር አሰቡበት።

"ማን እንደሰፋው አልተመዘገበም።"

"ባንዲራው የኔ አይደለም ጋሼ። ቲኬቱ የምንትዋብ ነው። እሷ ጨምሪ ካለችኝ ዛሬውኑ እጨምራለሁ። ካላለች አልነካውም። ጎረቤት ስለፈለገ የሰው ቀሚስ ላይ ኪስ አልሰፋም።"

"ክፍሏስ?"

"ክፍሏ የእናንተ ናት። መኪናው የኔ ነው።"

ጋሽ ሀይለማርያም ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው አዛወሩ። ውድነሽ ቀሚሱን አንስታ ወንበሩን አስጠጋችላቸው።

"ሳንስማማም ይቀመጡ።"

"ለጉልበቴ ነው እንጂ ለጉዳዩ አይደለም" አሉ ሲቀመጡ። ሁለቱ ጓደኞቻቸው ቆመው ቀሩ።

ምንትዋብ ጨምሪ አላለችም። ውድነሽ ጨርቁን ከመደርደሪያው አውርዳ በሁለት ቀን ጨረሰችው፤ ስምንት ሽቦ፣ አራት መስመር ጫፉ ላይ፣ ሁለት የብረት ቀለበት በዘንጉ በኩል። በሦስተኛው ቀን፣ እሑድ፣ ክፍሏን ለቀቀች።

መኪናውን ያወጡት የዊልቸር ሰዎች ናቸው። ከአንዱ ቤት ያረጀ ዊልቸር ይዘው መጡ፤ የመኪናውን ራስ ከጠረጴዛው ፈተው አስቀመጡበትና በቀበቶ አሰሩት።

"ወደ ኋላ ነው የሚወረደው" አለች ምንትዋብ ቁልቁለቱ ላይ። "ፊት ለፊት ካወረድከው ተሳፋሪው ይደፋል።"

"ተሳፋሪዋ ጓዝ አላት?" አለ አንዱ።

"አላት። አሥራ አንድ ካርቶን።"

አቶ ዳኛቸው ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ በሩን ከፍተው ያዙ። የመጨረሻው ካርቶን እስኪወጣም አልለቀቁትም። "ደፉን አስተውሉ" ብቻ ነበር ያሉት።

ማኅበሩ በነሐሴ በቃለ ጉባኤው ሁለት መስመር ጻፈ። የእድሩ ጨርቅ "ምልክት" ይባላል፤ ዘንጉም ከማኅበሩ ዘንግ በአንድ ክንድ ያጥራል። ምንትዋብ አልተከራከረችም። "ረጅሙን ማን ይሸከማል?" አለች።

በሰልፉ ቀን ከሜዳው በኩል ነፋስ ተነሳ። ባለ ጎማው ጨርቅ ተወጥሮ በረረ። የማኅበሩ ባንዲራ ግን መሐል መንገድ ላይ ከጫፉ ተተረተረ፤ ሰልፉ ሲያበቃ ትርትሩ የተሣለውን በር አንደኛውን ክንፍ ሊነካ ምንም አልቀረውም። ያንን ጫፍ በየነሐሴው ማንም ሳይጠይቃት የምታጠብቀው ውድነሽ ነበረች። ቲኬት ስላልነበረው ሥራ መሆኑን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ከአሥር ቀን በኋላ አቶ ዳኛቸው ባንዲራውን በፌስታል ይዘው ጋራዡ በር ላይ ቆሙ። ማሞቂያው ገብቷል፣ መብራቱ ሦስት ሆኗል። እንደፈራችው ከደንበኞቿ ግማሾቹ ከመምጣት ቀርተዋል።

"ጫፉ ሄዷል" አሉ።

ውድነሽ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በመዳፏ ዳበሰችው። "ይድናል። የተበላውን ቆርጬ እንደገና አጥፈዋለሁ።"

"ያጥራል?"

"ያጥራል። የተበላ አይመለስማ ጋሼ።"

"ከነሱ ያንሳል?"

ሜትሯን ዘረጋች። "በሁለት ጣት።"

አቶ ዳኛቸው በሩን፣ የተሳለውን ማለት ነው፣ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። "ስፊው" አሉ በመጨረሻ።

ቲኬት ቀደደች። ግማሹን ባንዲራው ላይ በመርፌ ቁልፍ ያዘችው፤ ግማሹን ሰጠቻቸው። ገልብጠው አዩት።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ቁጥርዎ ነው። ማክሰኞ ይምጡ፤ ከፊትዎ ሦስት ሱሪ አለ።"