ሰባት ፎቅ በእግሯ

መዝገብ ቤት መሥራት ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። ምድር ቤት፣ ከፋይል መደርደሪያ ሥር ቁጭ ብሎ መነሣት እያቃታት ሲመጣ ሐኪም ዘንድ ሄደች።

«የጭንዎ ጡንቻ መንምኗል፤ ሸክሙ ሁሉ ጉልበትዎ ላይ ወድቋል። ደረጃ ይውጡ» አላት።

ይህን ገበናዋን ያወቀች አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ አጠገቧ የምትሠራው፣ ከእናቷ ልጅ አስበልጣ የምትወዳት ጓደኛዋ።

«ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ፤ አበቃላት ይሉኛል።»

«ኧረ ተይ! እኔን ሌላ ሰው አደረግሽኝ? እንዲያውም አብሬሽ እወጣለሁ።»

ጓደኝየዋ ሁለት ቀን ወጥታ «ትንፋሼ ቁርጥ አለ» ብላ ወደ ሊፍቷ ተመለሰች። እሷ ግን ቀጠለች። በመጀመሪያው ሳምንት ሁለተኛ ፎቅ ላይ የደረጃውን መደገፊያ ብረት የሙጥኝ ብላ ላብ ያጠምቃት ነበር። ቀስ በቀስ ብረቱን ሳትጎትት፣ እግሯን ሙሉ ረግጣ በተረከዟ መግፋት ለመደች። በአምስተኛው ወር ሰባተኛ ፎቅ ደርሳ ትመለስ ጀመር፤ ያውም የፋይል ካርቶን ታቅፋ። የበሩ ጥበቃ «እትዬ፣ ሊፍቱ ሲበላሽ እርስዎን ነው የምንጠራው» እያለ ይቀልድባት ነበር።

በዚያው ሰሞን መዝገብ ቤቱ ወደ ሰባተኛ ፎቅ ሊዛወር፣ ኃላፊም ሊሾምለት መሆኑ ተሰማ። ተራው የእሷ እንደሆነ የማያውቅ አልነበረም። ማስታወቂያው ሲለጠፍ ግን የጓደኛዋ ስም ወጣ።

ደረጃውን አንዴም ሳታርፍ ወጥታ ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆመች።

«ምን አጠፋሁ?»

ሰውየው ግራ ገባው። «ሊፍቱ አያስተማምንም፤ እርስዎ ደግሞ ደረጃ አይችሉም ተብሎ ነው እኮ። ለእርስዎ አስበን።»

«ማነው ያለው?»

«ጓደኛዎ። እንባዋ እየመጣ ነው የነገረችኝ።» ከዚያ ትክ ብሎ አያት። «ሊፍቱ ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል። በምን መጡ?»

«በእግሬ።»

ሰውየው አፉን ያዘ። የሹመት ደብዳቤው ግን ተፈርሞ ወጥቷል፤ የሚመለስ አልሆነም።

ምድር ቤት ስትወርድ ጓደኛዋን ዕቃዋን ስትሸክፍ አገኘቻት።

«የከዳኝ ጉልበቴ መስሎኝ ነበር» አለቻት።

«ላንቺው አዝኜ እኮ ነው፣ እህቴ...»

«እህቴ አትበይኝ። በየጠዋቱ ስወጣ ታይኝ ነበር።»

ጓደኝየዋ አንገቷን ደፍታ መሳቢያዋን መበርበር ቀጠለች።

እሷ ግን በወሩ ዝውውር ጠይቃ አራተኛ ፎቅ ካለ ሌላ ክፍል ገባች። ደረጃውን አልተወችም። የልቧን ለሰው መንገር ግን ተወች። ልጇ ደውላ «እማዬ፣ እግርሽ እንዴት ነው?» ስትላት እንኳ «ደህና ነኝ» ብላ ወሬ ትቀይራለች፤ ልጅቷም አታምናትም።