የኮምፔንሳቶ ቃርሚያ

ከጎባ በወጣሁበት ቀን ዋዜማ፣ ጀንበር ወደ ተራራው ጀርባ ስታዘቀዝቅ፣ ሐጂ ከድር ከሮቤ በሚኒባስ መጥቶ ደጄ ላይ ቆመ። ሐጂ ከድር የወጣትነት ጓደኛዬ ነው፤ ከሮቤ ወጣ ብሎ ስንዴ ያርሳል። በእጁ በላስቲክ የተጠቀለለ ጩኮ ይዞ ነበር፤ ገብስ ተቆልቶ፣ ተፈጭቶ፣ በቅቤ የታሸ የመንገደኛ ስንቅ። ምሽቱ ይበርድ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ወይም ጎባ ምሽት ላይ ሁልጊዜ ስለሚበርድ የማስታውስ ይመስለኛል። በዚህ ዕድሜ ትዝታዬን እንደ ምስክር ሳይሆን እንደ ተጠርጣሪ ነው የምጠይቀው፤ አንባቢም እንዲሁ ያድርግ።

የቤቱን ቁልፍ ሰጠሁትና ወደ ጓሮው ዕቃ ቤት ወሰድሁት። ቤቱ ሲሠራ የተረፉ የጽድ ጣውላዎች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል።

«እነዚህን ማንም እንዳይነካብኝ» አልሁት።

«ለምን ይሆናሉ?»

«ለአንድ ነገር ይሆናሉ።»

«ባርሲሳ» አለኝ። በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው፤ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። «ይህን ቃል ቤትህ ከተሠራ ጀምሮ ስሰማው ኖርሁ። ያ አንድ ነገር እስካሁን አልመጣም።»

«ይመጣል።»

«እሱ ሲመጣ አንተ ልትሄድ?»

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ብቻዬን መኖሬ ለአንድያ ልጄ ለሶስና እንቅልፍ ነሥቷት ነበር። እርሷ ሰሜን ጀርመን፣ ብሬመን በምትባል ከተማ የእንጨት ሥራ ወርክሾፕ አላት። የመኖሪያ ፈቃዱን ነገር ጨርሳ «አባዬ፣ ይምጡ» አለችኝ፤ ሄድሁ። በበረሃና በባሕር ያለፉ ወገኖቼ ይህን ሲያነቡ፣ የእኔን መንገድ ስደት ብዬ ለመጥራት እንደማፍር ይወቁልኝ።

ከመከራዬ ሁሉ የከፋው ፍራንክፈርት ላይ የገጠመኝ ነው። የጉምሩክ ሠራተኛው ሻንጣዬን አስከፍቶ ጩኮውን ጓንት ባጠለቀ እጁ አነሣው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ምግብ ነው። ገብስና ቅቤ።»

«መድኃኒት ይመስላል።»

«እኛም አገር እንደዚያ የሚሉት አሉ።»

«ቅቤ ማስገባት ክልክል ነው። እዚያ በርሜል ውስጥ ይጨምሩት።»

በርሜሉን አየሁት። የሐጂ ከድር ሚስት ይህን ስታሽ የዋለችበት እጇ ታየኝ።

«ብበላውስ?»

«የት?»

«እዚሁ፣ እርስዎ ፊት።»

አለቃውን በዓይኑ ፈለገ፤ አጣው። «እንግዲህ ሆድዎ በእኛ ሥልጣን ሥር አይደለም» አለና ወንበር አሳየኝ። ተቀምጬ በላሁ። ቆርሼ ብዘረጋለት «ሥራ ላይ ነኝ» ብሎ እምቢ አለ፤ ግን ጣቶቼን እስክጠርግ ድረስ ታግሦ ጠበቀኝ። ጀርመን የገባሁት፣ እንግዲህ፣ በጠገበ ሆድ ነው።

ስለ ብሬመን ጎባና ሮቤ ላላችሁ ምን ልንገራችሁ? የሳነቴ አምባ ብርድ ፊት ለፊት መጥቶ በጥፊ ይመታል፤ የዚህ አገር ብርድ ግን እንደ ሐሜት በቀዳዳ ይገባል። ዳቦአቸው ጥቁርና ከባድ ነው፤ የባሌን ስንዴ ድፎ ለለመደ ጥርስ ንስሓ ነው። ሰላምታቸው አንዲት ቃል ናት፤ «ሞይን» ይላሉ፣ ጠዋትም ሞይን፣ ማታም ሞይን። ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቹ የሚጠይቅ የለም። መጀመሪያ ተቀየምሁ፤ በኋላ ግን ያቺን አንዲት ቃል ሲሏት ፈገግ እንደሚሉ አየሁና ተውሁት።

የሶስና ወርክሾፕ ከወንዙ ዳር ባለ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ነው። በመካከሉ ሲኤንሲ የሚሉት፣ በኮምፒውተር የሚመራ መቁረጫ አለ። ሙሉ ኮምፔንሳቶ፣ ያ ከሥሥ እንጨት ተደራርቦ የተጣበቀ ሰሌዳ፣ ጠረጴዛው ላይ ይጋደማል፤ ጠረጴዛው በአየር ስቦ ይይዘዋል፤ ስለቱ እየተሽከረከረ የተሣለለትን ቅርጽ ሁሉ ይቆርጣል። ሰጋቱራው በቱቦ ተስቦ ይሄዳል። የተረፈው ቁራጭ ፈርሽኒት ይባላል፤ ሶስናም ውጭ ወደቆመው የቆሻሻ ኮንቴይነር ትወረውረው ነበር።

እኔ ይህን ማየት አልቻልሁም። ዕድሜ ልኬን ጎባና ሮቤ ጂኦሜትሪና የንድፍ ሥራ ሳስተምር አንድ ኮምፔንሳቶ ለማግኘት ስንት ቢሮ ደጅ ጠንቻለሁ። ስለዚህ እርሷ የጣለችውን እያነሣሁ በኋላ በር በኩል ባለው ኮሪደር ግድግዳ ላይ አስደገፍሁ። ቁራጩ ቁራጭ ወለደ፤ በመጨረሻ በዚያ ኮሪደር ሰው የሚያልፈው በጎኑ ብቻ ሆነ። ሶስና ልቤን ላለመስበር ዝም አለች።

ዝም ያላለው አከራዩ ነበር። ሄር ብራንት ይባላል፣ ሄር አቶ ማለት ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ኪሱ ውስጥ የቁልፍ ዘለላ የሚያቅጨለጭል ሰው ነው። አንድ ቀን መጥቶ ኮሪደሩ አፍ ላይ ቆመ።

«ሞይን። ይህ ምንድን ነው?»

«እንጨት» አልሁ በጀርመንኛዬ።

«እንጨት መሆኑን አያለሁ። ለምን እዚህ ቆመ?»

«ይጠቅማል።»

«መቼ?»

ጎባም ብሬመንም የሚጠየቀው ያው ነው።

«ይህ ኮሪደር ፍሉክትቬግ ነው» አለ፤ እሳት ቢነሣ ሰው የሚሸሽበት መንገድ ማለት ነው። «የመሸሻ መንገድ በሕግ አይዘጋም።»

የስደተኛ ቤተሰብ የመሸሻ መንገድ ዘጋ ተብሎ ሲከሰስ እኛ ሳንሆን አንቀርም የመጀመሪያዎቹ። ይህንኑ ብነግረው ሄር ብራንት አልሳቀም። ወደ ሶስና ዞሮ «ውልሽ በወሩ መጨረሻ ያበቃል» አላት። «ያን ቀን እመጣለሁ። ኮሪደሩ እንዲህ ከሆነ አላድስልሽም።»

እርሱ ከወጣ በኋላ ሶስና ማሽኑን ተደግፋ ቆመች።

«አባዬ፣ ይህን አዳራሽ ካጣሁ ይህን ማሽን የማስገባበት ሌላ ቦታ የለኝም። ሥራዬም አለቀ ማለት ነው። ነገ ኮንቴይነር ልጥራ።»

አልተቃወምሁም። የልጄን እንጀራ ለቁራጭ አልለውጥም። ነገር ግን አንድ የሕፃናት መዋያ ድርጅት በርጩማዎችና የመጻሕፍት መደርደሪያዎች አዝዟት እንደነበር አውቅ ነበርና አንድ ነገር ጠየቅኋት።

«የእነዚያ በርጩማዎች ክፍሎች ትንንሽ አይደሉም እንዴ? ከዚህ ክምር ቢወጡስ?»

«ፕሮግራሙ የሚያውቀው ሙሉ ኮምፔንሳቶ ብቻ ነው። እያንዳንዱን ቁራጭ ለክቶ ቅርጹን የሚነግረው ሰው ይፈልጋል።»

«የጂኦሜትሪ መምህር አይበቃም?»

ፈገግ አለች። «ይበቃል። ግን እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው፤ የተረፈው ይጣላል። ቃል ይግቡልኝ።»

ቃል ገባሁ። እያንዳንዱን ቁራጭ ለካሁ፤ ውፍረቱንና ስፋቱን ጠርዙ ላይ ጻፍሁበት፤ ሶስና ቅርጹን ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባችው። ከዚያ የበርጩማዎቹን ክፍሎች በየቁራጩ ላይ መደልደል የእኔ ፋንታ ሆነ። እውነቱን ለመናገር ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። መቀመጫውን ወዲህ፣ እግሩን ወዲያ አዙሬ፣ በየክፍተቱ ትንንሹን ሰክቼ፣ ጣት የማያስገባ ድልድል ሠራሁ። ሶስና ሥራ በዝቶባት ሳትመረምረው አስቆረጠችው።

ውጤቱ አሳፋሪ ነበር። የእንጨቱ ጅማት፣ ማለት የቃጫው መስመር፣ በቁመት መሄድ ሲገባው እኔ ቦታ ለማትረፍ አግድም ያዞርሁት እግር፣ ሶስና በእጇ ብትጫነው ቀጭ አለ። ትንንሾቹ ክፍሎች ዙሪያቸው ሲቆረጥ ጠረጴዛው የሚይዝበት አጥቶ ተንሸራተው ተበላሹ። ከሁሉ የባሰው ግን የቀረው ቁራጭ ነበር፤ ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ ወንፊት መስሏል።

ሶስና ወንፊቱን አንሥታ በቀዳዳው አየችኝ።

«አባዬ፣ ትራፊ እንጨርሳለን ብለን ትራፊ አስወለዱት እኮ!»

«አንድ ነገር...»

«ይሆናል አይበሉኝ!»

ስቀን ስናበቃ ግን ሁለታችንም ወደ ኮሪደሩ አየን። ክምሩ እንዳለ ነው፤ የወሩ መጨረሻ ደግሞ እየቀረበ ነው።

በነጋታው በአውቶቡስ መስኮት የታጨደ እርሻ አየሁና የሐጂ ከድር ማሳ ትዝ አለኝ። ሮቤ አካባቢ ስንዴ በኮምባይነር እንደሚታጨድ ታውቃላችሁ። ማሽኑ ካለፈ በኋላ ቃራሚዎች ይገባሉ፤ የተበተነውን ዛላ አንድ በአንድ ሲለቅሙ ይውላሉ። አንድ ዓመት ግን ሐጂ ከድር ኮምባይነር ነጂውን «ጥጉን ሙሉውን ተውላቸው» ሲለው ሰማሁ፤ ወይም የሰማሁ ይመስለኛል። ያን ዓመት ቃራሚዎቹ ዛላ ሲለቅሙ አልዋሉም፤ ያንን ጥግ በማጭድ አጭደው፣ ነዶ አድርገው ሄዱ። እህሉ ምናልባት ያው ነው፤ አንድ ቦታ ላይ መቅረቱ ግን ሌላ አደረገው።

ወርክሾፑ ስደርስ ለሶስና ነገርኋት። ድልድሉን አፍርሰን እንደገና ጀመርን። ክፍሎቹን ሁሉ ከቁራጩ አንድ ጥግ ጀምረን ወደ አንድ ጎን ገፋናቸው፤ የሚተርፈው በየቦታው እንዳይበተን፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ አንድ ቁራጭ ሆኖ እንዲቀር። የጅማቱን አቅጣጫ አከበርን። ትንንሾቹን ክፍሎች ከትልልቆቹ አጠገብ አድርገን፣ እንዳይንሸራተቱ ያልተቆረጠ ቀጭን ድልድይ ተውንላቸው፤ ከማሽኑ ሲወርዱ በእጅ ይሰበራል። መደርደሪያዎቹ ጎን ላይ ክብ ቀዳዳ ነበራቸው፤ ከዚያ የሚወጣውን ክብም የበርጩማ መቀመጫ አደረግነው። መቁረጫው እየጮኸ፣ ክምሩ እየቀለለ ሄደ። ከመዳፌ ብዙም የማይሰፉትን ግን ራሴ ተሸክሜ ኮንቴይነሩ ውስጥ ጨመርኋቸው፤ ሲወድቁ እንዳላይ ፊቴን አዞርሁ። በኋላ ግድግዳው ላይ ደንብ ጻፍን፦ ሥራው ያልታወቀ ቁራጭ አይቀመጥም።

ሄር ብራንት ባለው ቀን መጣ። ኮሪደሩን ከዳር እስከ ዳር ሄደበት፤ የጫማው ድምፅ ባዶ ግድግዳ ላይ ሲያስተጋባ ሶስና ክንዴን ያዘች። መጨረሻ ላይ የእሳት መውጫውን በር እጀታ ተጫነ። አልከፈት አለው። እንደገና ገፋው፤ በትከሻው መታው፤ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሞከረ። የእርሱ በር ነው፤ ዝጎ ተጣብቋል።

«ሄር ብራንት» አለችው ሶስና በትሕትና፣ «እኛ መንገዱን ከፍተናል።»

ላቡን ጠርጎ እኔን አየኝ፣ በሩን አየ፤ ከዚያ ፈገግ ሳይሆን ጮክ ብሎ ሳቀ። ውሉን እዚያው ቆሞ ፈረመ። ሊወጣ ሲል ማሽኑ አጠገብ የቀረች አንዲት ቁራጭ አየና «ይህቺስ?» አለ፤ ለቤቱ መደርደሪያ ፈልጎ ነው። እኔም አንሥቼ ሰጠሁት። ከዚያ ተቀመጥሁ። ከፍራንክፈርት ወዲህ እንዲህ ቀሎኝ የተቀመጥሁበት ወንበር አልነበረም።

ወዲያው ሐጂ ከድር ጋ ደወልሁ።

«አካም ጂርታ፣ ባርሲሳ?» እንደምን አለህ ማለቱ ነው።

«ፈያ፣ ደኅና ነኝ። አንተስ፣ ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ ዝናቡ?»

«አልሐምዱሊላህ። ጎባ ቤትህ ነኝ።»

የሆነውን ሁሉ ነገርሁት። «ኮምባይነር ነጂውን ጥጉን ተውላቸው ባትለው ኖሮ ዛሬ አዳራሽ አይኖረንም ነበር» አልሁት።

«እኔ?» ሳቁ ሳል ሆነበት። «ማሽኑ መታጠፍ አቅቶት ነው እንጂ! እኔማ እየጮኽሁበት ነበር። ተውላቸው ያልኸው አንተ ነህ። በሰው እህል ቸር!»

እንዲህ ነው ትዝታዬ። ቢሆንም ጥጉ መቅረቱ እውነት ነው።

«ስማ» አለ ሐጂ ከድር። «ጎረቤትህ በር ሊያሠራ ነው። እነዚያን የኮሶ ጣውላዎች ልስጠው?»

«ጽድ ናቸው።»

«ኮሶ ናቸው፤ ፊቴ ቆመዋል። ልስጠው?»

ግድግዳው ላይ የጻፍነውን ደንብ አየሁ። ሶስና ማሽኑን መጥረጓን አቁማ ታየኛለች።

«ተዋቸው» አልሁ።

«ለምን ይሆናሉ?»

«ስመጣ እነግርሃለሁ።»

ከጀርባው ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይሰማኛል።

«እሺ፣ ባርሲሳ» አለ። «ጣሪያው ማፍሰስ ጀምሯል፤ ላስቲክ አለብሳቸዋለሁ።»