«ለቀቅ» ያለችኝ እሑድ

ባለፈው ሰሞን የእናታችንን ቤት ዕቃ ስናወጣ፣ ክርና የልብስ ቁልፍ ታስቀምጥበት ከነበረው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ አንድ የተጠቀለለ ጥቁር ላስቲክ አገኘሁ። ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ በቀጭኑ ተቆርጦ የተዘጋጀ ነው። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት፤ የጎማው ሽታ አልለቀቀውም። የቀኝ እጄ አንጓ፣ ብርድ ሲሆን የሚያመኝ ቦታ፣ ነዘር አደረገኝ።

ላስቲኩ የእህቴ ነው። ያኔ እሷ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር፣ እኔ አሥራ አራት። ሳምንቱን ሙሉ መካኒሳ አቦ አካባቢ አንድ የሐበሻ ልብስ ቤት ውስጥ አንገቷን ደፍታ ጥልፍ ስትጠልፍ ትውልና፣ እሑድ ሲደርስ ማውንቴን ሳይክሏን ይዛ ከላፍቶ በለቡ አድርጋ ወደ ፉሪ ዳገት ትወጣለች። ስትመለስ ፀጉሯ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሸታል፤ ፊቷ አቧራ ለብሶ ጥርሷ ብቻ ነው የሚታየው። እንደዚያ ስትስቅ ሌላ ቀን አይቻት አላውቅም።

ችግሩ እጇ ነበር። ቁልቁለቱን ወርዳ ስትመለስ ጣቶቿ ይደነዝዙባታል። አንድ ሰኞ መርፌው ከእጇ እየወደቀ ሲያስቸግራት አሠሪዋ አየቻትና ወሬው እናታችን ዘንድ ደረሰ። እናታችን ነገር የምታንዛዛ ሴት አልነበረችም።

«ጣትሽ እንጀራሽ ነው። ከእንግዲህ ከሳይክል ስትመለሺ እኔ ፊት መርፌ ላይ ክር ታስገቢያለሽ። ያቃተሽ ዕለት ሳይክሉ ይሸጣል» አለቻት።

ቀልዷን አልነበረም። እሑድ ማታ ማታ፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ በአንድ እጇ መርፌ በሌላው ክር ይዛ በር ላይ ትጠብቃታለች። እህቴ ሳይክሏን ግድግዳ ላይ ታስደግፍና ትሞክራለች። አንዳንዴ በሦስተኛው፣ አንዳንዴ በአምስተኛው ይገባል። እኔ ከኋላ ቆሜ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ሳይክሉ ከተሸጠ የእሷም ሳቅ አብሮ የሚሸጥ ይመስለኝ ነበር።

ላፍቶ ውስጥ ሳይክል የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እህቴ እጇን ዘርግታ ስታሳያቸው እጇን ዞር ብለውም አላዩት። «እስቲ ሳይክሉ ላይ ውጪ» አሏት። ወጣችበት። ከጎን ቆመው ብዙ ካዩዋት በኋላ፣ «አንቺ ልጅ፣ ኮርቻው ላይ መች ተቀመጥሽ? የተቀመጥሽው እጅሽ ላይ ነው» አሉ።

ወደ ፊት ተደፍቶ የነበረውን ኮርቻ አስተካከሉ፣ መሪውን ከፍ አደረጉ። አንጓዋ ሳይታጠፍ እንዲደርስበት የፍሬኑን እጀታ ወደ ታች ዘንበል አደረጉት። የመሪው መያዣ ለጣቶቿ ቀጥኖባት እየጨመቀችው ስለነበር ከመነዳሪ ቀድደው ጠቀለሉበት። ከዚያ ክርኗን መታ መታ አደረጉና፣ «ይኼ ሁልጊዜ እጥፍ ይበል። መሪውን ደግሞ ያዝ አድርጊው እንጂ አትያዢው» አሏት። እህቴ እየሳቀች ወደ ቤት መጣች፤ የዚያን እሑድ ክሩ በመጀመሪያው ገባ። እናታችን መርፌውን ተቀብላ ወደ ውስጥ ገባች።

ከዚያ ወዲህ የሽማግሌው ትምህርት እህቴ አፍ ላይ አንዲት ቃል ሆነ፦ ለቀቅ። ድንጋይ ሲመጣ ለቀቅ፣ ቁልቁለት ሲጀምር ለቀቅ። እኔንም በሳይክሏ ስታለማምደኝ የምትለኝ ይህንኑ ነበር። አየህ፣ «ለቀቅ» ሲባል ያዝ፣ ግን ላላ አድርገህ ያዝ ማለት ነው። «ልቀቅ» ከሆነ ግን ሌላ ነገር ነው። በጽሑፍ የአንዲት ፊደል ልዩነት ናት፤ በነፋስ ውስጥ ግን ያቺም አትሰማም።

ክረምቱ ገና ወጥቶ ነበር። ዛሬ ኮንዶሚኒየም የቆመበት ሜዳ ያኔ አደይ አበባ ለብሶ ነበር፤ ብርሃኑ ራሱ ቢጫ ይመስላል። እህቴ ከፉሪ ስትመለስ፣ ለቡ መብራት ኃይልን ቁልቁል በሚያየው መንገድ ላይ እየጠበቅኳት ነበር፤ ወረደችና ሳይክሉን ሰጠችኝ። እኔ ከፊት፣ እሷ በሩጫ ከኋላ። ካቴናው ይንቀጫቀጫል፣ ነፋሱ ጆሮዬ ውስጥ ያፏጫል። ፈርቼ መሪውን አንቄዋለሁ፤ የጣቶቼ አጥንት ነጥቷል። ከኋላ ድምፅዋ መጣ። እኔ የሰማሁት «ልቀቅ» ሲል ነው።

እህቴ ያለችኝን ሁሉ አደርግ ነበር። ሁለቱንም እጄን ለቀቅኩ።

እጄ በጄሶ ታስሮ ቤት ስንገባ እናታችን በር ላይ ነበረች፤ መርፌና ክር ግን አልያዘችም። ዘወትር «ይኼ ልጅ የነገሩትን አይሰማም» እያለች ትቆጣኝ ስለነበር ቀድማ ወደ እኔ ዞረች።

«የነገረችህን አልሰማህም፣ አይደል?»

ዓይኔን ጄሶው ላይ ተከልኩ። ምን እንደተባልኩ ያን ጊዜ ገብቶኝ ነበር፤ መቶ ጊዜ የነገረችኝ ቃል ነው። እህቴ አየችኝ።

«ሰምቷል እማዬ» አለች። «ልቀቅ አልኩት፤ ለቀቀ።»

እኔ «ለቀቅ ነው ያለችኝ» አላልኩም። እንዲህ ነው ውለታ የዋልኩላት።

ሳይክሉ በሳምንቱ ተሸጠ። ገዢው ሳይመጣ እህቴ ላስቲኩን ከመሪው ላይ ፈትታ ጓሮ ጣለችው። የዚያን ቀን አመሻሽ ላይ ማንም ሳይጠይቃት በር ላይ ተቀመጠችና መርፌ ላይ ክር አስገባች። በመጀመሪያው ገባ። የሚያያት ግን ከእኔ በቀር አልነበረም። ከዚያ በኋላ ሳይክል ላይ ስትወጣ አላየኋትም።

ያን የብስኩት ቆርቆሮ ደግሞ ከእናታችን በቀር የሚከፍተው ሰው አልነበረም። ላስቲኩን መቼ እንዳነሳችው፣ ለምንስ እንዳስቀመጠችው እንዳልጠይቃት፣ እሷም የለችም፤ እውነቱን ሳልነግራት አረፈች። ይህ ያንገበግበኛል።

ዕቃውን ጨርሰን ስንመለስ መኪናውን የምትነዳው እህቴ ነበረች። ላስቲኩን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ «ያኔ ያልሽኝ እኮ ለቀቅ ነበር» አልኳት።

ቀና ብላ መንገዱን ብቻ እያየች፣ «እኔንጃ፣ ረስቼዋለሁ» አለች።

ለቡ ውስጥ አስፋልቱ አልቆ ድንጋዩ ጀመረ። መኪናው መንገጫገጭ ሲጀምር የእህቴ ክርኖች እጥፍ አሉ፤ ጣቶቿ መሪው ላይ ላላ አሉ፣ አንጓዋ ቀጥ አለ። እኔ በዚያች በታመመች እጄ የበሩን መያዣ ጨምድጄ ይዣለሁ። ዞር ሳትል አወቀች።

«ለቀቅ» አለችኝ።

«ሰምቻለሁ» አልኳት።