የኡምኩልሱም ፈርን እና የአንዋር ሲሚንቶ

እስቲ ይህን ጀሪካን እዩት። አንገቱ ተቆርጧል፤ ውስጡ ጥቁር አፈር አለ፤ አፈሩ ላይ የተቃጠለ መጥረጊያ የመሰለ ነገር ተቀምጧል። «ቆሻሻ ነው» ካላችሁ ከአንዋር ጋር ተስማምታችኋል፤ ለእናንተም የምለው አለኝ።

ነገሩ ፈርን የሚሉት የጥላ ተክል ነው፤ የጎረቤቴ የኡምኩልሱም ፈርን። ኡምኩልሱም ሰንበቴና ባቲ ገበያ እየዞረች ገመድና ጀሪካን የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ ከገመዷ የሚረዝም ሴት ናት። ፈርኑን ከደጋ፣ ከአንድ ምንጭ ዳር ነቅላ አምጥታ ግቢዋ ካለው ማንጎ ጥላ ሥር ተከለችው፤ እዚያው ተባዛ። የግቢው ሰው ለሶላት ሲታጠብ ዉዱእ ያደረገበት ውሃ የሚወርደው እዚያ ነው። በክረምት ቅጠሉ እንደ ትልቅ ላባ ተዘርግቶ ደረት ይደርሳል። በዚህ በከሚሴ ሙቀት እዚያ ጥግ ስትቆሙ ሌላ አገር የገባችሁ ይመስላችኋል።

«የማይሰግድ ተክል በቀን አምስቴ ዉዱእ ያደርጋል፤ ከአንዳንዱ ሰጋጅ ይሻላል» ትላለች፣ ዓይኗን አንዋር ላይ ተክላ።

አንዋር የሟች ባሏ ወንድም ነው፤ ግቢው የጋራቸው ነው። ፈርኑን ከመጀመሪያውም አልወደደው። አይበላ፣ አያብብ፤ ፍየል እንኳ አሽትታ ትታው ትሄዳለች። ይባስ ብሎ በበጋ ቅጠሉ ሁሉ ደርቆ ይወድቅና ጉቶው ብቻ አፈር ውስጥ ዝናብ ይጠብቃል።

«እትዬ፣ ይሄ ነገር ሞቷል» ይላታል።

«ተኝቷል።»

«ማሎ፣ እባክሽ እትዬ፣ እኔም እተኛለሁ። እንዲህ ግን አልመስልም።»

«ሚስትህን ጠይቃት።»

ዘንድሮ አንዋር ልጁን ሊድር ነው። እንግዳ ጭቃ እንዳይረግጥ ብሎ ዉዱእ ማድረጊያውን ሲሚንቶ ማልበስ አማረው። ኡምኩልሱም እንቢ አለች። ሰኞ ባቲ ስትሄድለት ግንበኛ ጠርቶ፣ ቦታውን ከነደረቀ ፈርኑ በሲሚንቶ አስለበጠው።

ማምሻውን ስትመለስ ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነበር። ጫማዋን አውልቃ ገባችበት። መጀመሪያ በአካፋ፣ ከዚያ በእጇ ትዝቀው ጀመር። ለመግሪብ ሶላት ሊታጠቡ የመጡት ወንዶች ጆጋቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

«ሱብሃነላህ፣ ሲሚንቶዬን ገደልሽው» አለ አንዋር።

«አልሞተም፤ ተኝቷል።»

ወንዶቹ ሳቁ። አንዋር አልሳቀም። እኔም ብዙ አልሳቅሁም፤ ምክንያቱም ጉዳዩ የአንዋር ብቻ አይደለም። ካልተበላ፣ ካልተሸጠ፣ ካልተቃመ ምን ያደርጋል የምንል እኛ ሁላችን ነን። ጥላ ያለበትን ሁሉ ቆርጠን ጨርሰን «ሙቀቱ ገደለን» እያልን አላህ ላይ እናማርራለን። አፍ አለን እኮ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ፣ ሰርግ አይሰናከልም ብለው ለአንዋር ፈረዱ፤ ሐሙስ ግንበኛው ይመለሳል። ኡምኩልሱም ከሲሚንቶው የተረፉትን ጉቶዎች ነቅላ፣ የምትሸጣቸውን ጀሪካኖች ቆርጣ፣ እዚያ ውስጥ ተክላ እኔ ቤት አመጣቻቸው። የእኔ ግቢ ደግሞ ቆርቆሮና ድንጋይ ነው፤ ቀትር ላይ ድመት አታልፍበትም። ዞር ዞር ብላ አየችው።

«እዚህ ክረምቱን አያዩትም» አለችኝ። ሳትሳደብ ስታናግረኝ የመጀመሪያዋ ነው።

እንግዲህ ጓሯችሁ ውስጥ የዛፍ ጥላና የማይደርቅ እርጥብ ጥግ ያላችሁ፣ ዛሬውኑ መጥታችሁ አንድ አንድ ጀሪካን ውሰዱልኝ። አፈሩ እንዳይደርቅ ብቻ ጠብቁት። ቡናማ ሆኖ ቢያስጠላችሁም እባካችሁ ዝናቡ እስኪገባ ድረስ አትንቀሉት።