ባለ አበባውና ባለ መርከቡ

ፔርሙስ አሰላ የገባ ሰሞን ከተማው ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ አባቴ የሚሸጠውን ባለ አበባ ያዘ፤ ግማሹ ደግሞ ጎረቤታችን የሚሸጡትን ባለ መርከብ። ፋብሪካው ያወጣለትን ስም የሚያነብም የሚጠይቅም አልነበረም። በሆዱ ላይ ባለው ሥዕል ጠራነው፣ አበቃ።

እኔ በዚያ ዓመት ለአንድ የሲሬ ከተማ ልጅ ታጭቼ ሰርጌ ለጥር ተቆርጦ ነበር። ሙሽራ ስለ ልብሷና ስለ አማቷ ማሰብ ሲገባት እኔ ስለ ፔርሙስ እያሰብኩ አድር ነበር ብል የሚያምነኝ የለም። እውነቱ ግን ይኸው ነው።

የእኛው ከመርካቶ የመጣ ነው። ቀይ ቆርቆሮ ሆኖ ሆዱ ላይ ጥቅል ጎመን የሚያህል ነጭ አበባ ተሥሎበታል። አፉ ሰፊ ነው፤ እጅ ባይገባም ለማጠብ ይመቻል፤ አባቴም ለገዢ ሁሉ መጀመሪያ የሚያሳየው ይህንኑ ሰፊ አፉን ነበር። ቡሹ ወፍራም፣ ክዳኑም ሻይ ጠጪን የማያሳፍር ትልቅ ነው። ማንጠልጠያ ግን የለውም። የጎረቤታችን በድሬዳዋ በኩል የመጣ፣ ሰማያዊ፣ ወገቡ ላይ ጭስ የምትተፋ መርከብ ያለችበት ነው። በአሰላ መርከብ ያየ ሰው ስላልነበረ ከገጠር የሚመጣው ሁሉ ማድቤት ነው ይለው ነበር። አፉ ጠባብ፣ ቡሹ ቀጭን ቢሆንም የቆዳ ማንጠልጠያ ስላለው ኮርቻ ላይ ይታሰራል። በበቅሎ ወደ ጮሌ ወረዳ የሚወጡ የመንግሥት ሰዎች እሱን ይዘው ነው የሚሄዱት። ሴቶቹና የቢሮ ሰዎች ግን ከባለ አበባው ወዲያ አያዩም። እንዲያውም አንዳንዷ ገዝታ ብፌዋ ላይ ካስቀመጠችው በኋላ አንዲት ጠብታ ሻይ አላስገባችበትም። እኔ እንደሆነ ሙቀት በመያዝ አንዱ ከሌላው ሲበልጥ አላየሁም። ይህን ጮክ ብሎ የሚናገር ግን በሁለቱም ወገን ወዳጅ አያገኝም ነበር።

የአባቴና የጎረቤታችን ሱቅ ጎን ለጎን ነው። ጎረቤታችንን ጋሼ እላቸዋለሁ፤ እዚያው አሰላ የተወለዱ ሙስሊም ነጋዴ፣ የከተማው ሳቅ ሁሉ ከእሳቸው ደጃፍ የሚነሣ የሚመስል፣ አንዲት የጭነት መኪና የነበራቸው ሰው ናቸው። በሁለቱ ሱቆች መካከል አንድ አግዳሚ ወንበር ነበር። ከሰዓት በኋላ ገበያ ሲቀዘቅዝ ጋሼና አባቴ እዚያ ላይ በቆርኪ ዳማ ይጫወታሉ። የሚጫወቱት ለመሸናነፍ ሳይሆን ለመሰዳደብ ነበር፤ ስድባቸውንም በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ይጨርሱታል። ዳማው የቆመው በባለ መርከቡ ምክንያት ነው።

በነሐሴ አንድ ቀን ከጭላሎ ተራራ በኩል የመጣ ደመና በረዶ ጣለብን። ጋሼ ካፖርታቸውን ደርበው ወጡና በረዶውን እየለቀሙ በዚያ ጠባብ አፍ አንድ በአንድ ወደ ባለ መርከቡ አስገቡ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወጥታ መንገዱ ሲደርቅ፣ ደጃፋቸው ቆመው ፔርሙሱን ከፈቱና በረዶውን ለአላፊ አግዳሚው ማደል ጀመሩ። ትልልቅ ሰዎች በፀሐይ መካከል ቆመው በረዶ እየቆረጠሙ ሲስቁ ያን ቀን ነው ያየሁት። እኔም አንዷን ፍሬ ተቀብዬ ጥርሴ እስኪደነዝዝ ቆረጠምኳት። ጋሼ በደስታቸው ብዛት አፋቸውን አልያዙም።

“እዚያኛው ሱቅ የሚሸጠው አበባው ነው፤ ፔርሙሱ ምርቃት ነው” አሉ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ገባና ባንኮኒው ጀርባ ተቀመጠ፤ በማግስቱም ወደ አግዳሚው ወንበር አልወጣም። አባቴ ደግ ሰው ነው፤ ኩርፊያ ሲይዝ ግን እንደ ሥራ ነው የሚይዘው። ጋሼ መጀመሪያ በሳቅ፣ ቀጥሎ በሰላምታ ሞከሩት። በመጨረሻ እሳቸውም ተቀየሙ። መስከረም ጠባ፣ ወንበሩ ባዶ ነው። ጥቅምትም አለፈ፣ ያው ነው።

ጋሼ ከሕፃንነቴ ጀምሮ “አንቺን ስትዳሪ በመኪናዬ ነው የምወስድሽ፤ ባልሽ ቤት እስክንደርስ ጥሩንባውን አልለቀውም” ይሉኝ ነበር። እኔም ሙሽርነትን ሳስብ የሚታየኝ ሙሽራው ሳይሆን ያ ጥሩንባ ነው። ይህን ለእናቴ ሳነሣባት አባቴ ከጓዳ ሰምቶ “በበቅሎ ትሄዳለች” አለ። ነገሩ የመኪናና የበቅሎ ብቻ አልነበረም። ጋሼ ሰርጉ ላይ አይጠሩም ማለት ነው፤ እሳቸው የሌሉበት ድግስ ደግሞ ለእኔ ድግስ አይደለም። አለቀስኩ፤ ቀጥሎም ተናደድኩ። ሁለት አዋቂዎች በሻይ ዕቃ ተጣልተው የእኔን ሰርግ ሊያበላሹት ነው እንዴ አልኩ።

የዴራው ሽማግሌ በዚያ ሰሞን መጡ። የእህል ነጋዴ ናቸው፤ አባቴም ጋሼም ቃላቸውን የማያልፉት የአርሲ ትልቅ ሰው። እንደ ልማዳቸው አግዳሚው ወንበር ላይ ሊቀመጡ ቢመጡ የሚያጫውታቸው አጡ። ውሃ ላቀርብ ስወጣ ያዙኝና ጠየቁኝ፤ ሳልደብቅ ዘረገፍኩላቸው።

“በዕቃ ነው የተጣሉት?” አሉ።

“በዕቃ ነው አባ።”

ሁለቱንም አስጠሩና ፈረዱ። ሁለቱም በየፔርሙሳቸው ከአሰላ ትኩስ ሻይ ሞልተው ዴራ ያመጡላቸዋል፤ እሳቸው ሁለቱንም ይቀምሳሉ፤ ሻዩ የቀዘቀዘበት ሰው ስለ ፔርሙስ ዳግመኛ አይናገርም፣ ለዕርቅም የሌላውን ደጅ በእግሩ ይረግጣል። “ልጅቷም ትምጣ” አሉ። “መካከል ተቀምጣ ሁለቱንም ትይዛለች። በመንገድ ላይ የሚያሞቅ እንዳይኖር።”

አባቴ ተስማማ፤ ማሸነፉን አልተጠራጠረማ። ጋሼም ተስማሙ፤ እሳቸውም አልተጠራጠሩም። የተጨነቅሁት እኔ ነበርኩ። አባቴ ቢሸነፍ በእግሩ ሄዶ በልቡ እንደማይሄድ አውቃለሁ። ጋሼም ቢሸነፉ ያው ነው። ስለዚህ ስጸልይ የምለው ሁለቱም ያሸንፉ ነበር፤ ያ ካልተቻለ ሁለቱም ይሸነፉ።

ቀኑ ታኅሣሥ ላይ ዋለ። አባቴ ለክብሩ ብሎ ከካርቶን ያልወጣ አዲስ ባለ አበባ መረጠና ለእናቴ ሰጣት። በእኛ አገር ያልታጠነ ዕቃ ደግሞ ለሰው አይቀርብም። የወተት ቅል ይሁን የጠላ ጋን፣ ወይራ ሳይጤስበት መጠጥ አይገባበትም። እናቴ ፔርሙሱን አሸተተችው፤ የሙጫና የቆርቆሮ ሽታ አለው። “ይሄን ይዞ ሽማግሌ ፊት ሊቀርብ ነው?” አለች። በአጥሩ በኩል የጋሼን ሚስት አዴን ጠራችና የወይራ ፍልጥ ተቀበለች። ወንዶቹ ሲኳረፉ ሴቶቹ አንድም ቀን ፍም መበዳደር አላቆሙም።

ከዚያ የወተት ቅል እንደምታጥን አጠነችው። የነደደ የወይራ ስንጣሪ በሰፊው አፉ ጨመረችበት፣ ከድና ናጠችው፣ ከሰሉን አራገፈችና በቀዝቃዛ ውሃ አለቀለቀችው። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ።

“ምንድን ነው?” አልኳት።

“ወይራው ነዋ፤ ይንጣጣል” አለች።

አፍንጫዬ ድረስ ደስ የሚል ሽታ መጣ። የአዴም ማድቤት በዚያው ሰዓት ሲጨስ አይቻለሁ፤ ግን የማድቤት ጭስ ማንን ያስደንቃል?

ጋቢና ውስጥ በሁለቱ መካከል ተቀመጥኩ። ጋሼ ይነዳሉ፣ አባቴ በመስኮቱ በኩል ነው፣ በአንዱ ጉልበቴ ባለ አበባው፣ በሌላው ባለ መርከቡ። እንዳይነጋገሩ ተማምለው የተሳፈሩ ይመስል ቃል ሁሉ በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው።

“አባትሽን ንገሪው፣ መስኮቱን ይዝጋ። ሻዩ እንዳይቀዘቅዝበት።”

“እግዜር ይስጥልኝ በያቸው። የእኔ በመስኮት አይቀዘቅዝም።”

አባቴ ጋሼን አንቱ ሲል የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ ቅያሜው ምን ያህል እንደ ጠለቀ የገባኝም ያኔ ነው። ኢተያን ስናልፍ ፀሐይዋ መበርታት ጀመረች፣ ጋቢያችንን አወለቅን። መንገዱ ጉድጓድ በጉድጓድ ስለ ነበር ሦስታችንም አንድ ላይ እንነሣለን፣ አንድ ላይ እንወድቃለን። ቁልቁለቱ ላይ በጋሼ በኩል ያለው ጉልበቴ ሞቀኝ። ቆይቶ ረጠበ። ልናገር ብዬ ተውኩት፤ ብናገር ለአባቴ ያዳላሁ ይመስላል። ነጠላዬን አጣጥፌ ከሥሩ አደረግሁ።

ሽማግሌው መጋዘናቸው ደጃፍ ግራር ሥር ስኒ አሰናድተው ጠበቁን። ዴራ እንደ ወትሮው ይፋጃል። አባቴ ቀድሞ ባለ አበባውን አነሣ። ሲያነሣው ሆዱ ውስጥ ሽክሽክ አለ። እንዳልሰማ ሆኖ ቡሹን ነቀለና ቀዳ። እንፋሎት የሚባል የለም። ሽማግሌው ስኒውን ወደ ብርሃን አነሡት፤ ሻዩ ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር ይንሳፈፋል።

“አሰላ ሻይ በብር ነው እንዴ የምትጠጡት?” አሉና ሳይቀምሱ አስቀመጡት።

አባቴ ፊቱ ተለዋወጠ። ጋሼ ደረታቸውን ነፍተው ባለ መርከቡን ተቀበሉኝ፤ ግን ገና በእጃቸው እንደ ያዙት ፈገግታቸው ጠፋ። ቀለለባቸው። ገለበጡት። አንዲት ጠብታ ወጣችና ስኒው ጠርዝ ላይ ቀረች። የቀረውን የእኔ ነጠላ ነው የጠጣው።

ሽማግሌው መጀመሪያ የአንዱን፣ ቀጥለው የሌላውን አፍ አሸተቱ።

“አንዱ ቀዝቃዛ፣ አንዱ ባዶ” አሉ። “ሁለቱም ግን ወይራ ወይራ ይላሉ።”

ጋሼ ቡሻቸውን አዩት። ጫፉ ከስሎ እንደ ምርጊት ቁራጭ ተሸራርፏል። በኋላ እንደ ሰማነው፣ የባለ መርከቡ አፍ ለስንጣሪ ስለ ጠበበ አዴ ዕቃውን ጭሱ ላይ ደፍተው፣ ቡሹን ደግሞ እንዳይቀርበት ብለው ፍሙ አጠገብ አስቀምጠውት ነበር። የእኛ ሰፊ አፍ ግን ፍሙን እንዳለ ዋጠ፤ ብርጭቆውም ከውስጥ ተሰነጠቀ።

አባቴ ወደ ጋሼ ዞረ። “አጠነችብህ?” አላቸው።

“አጠነችብኝ። አንተስ?”

“እኔንም።”

ከሁለቱ ማን ቀድሞ እንደ ሳቀ አላውቅም። አባቴ ግራሩን ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ጋሼ መሬት ላይ ተቀመጡ። ሽማግሌው ብቻ ሳይስቁ ከማዶው ሻይ ቤት ሻይ አዘዙ፤ በጥቁር በራድ፣ የሚፋጅ ሻይ መጣ። እየጠጡ ፈረዱ፤ ሁለቱም ስለ ተሸነፉ ሁለቱም ደጅ ይረግጣሉ። እኔ ከደስታዬ ብዛት የረጠበ ቀሚሴን ረስቼ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

አሰላ ስንገባ እናቴና አዴ ሁለታችንም አጥነናል አሉ እንጂ አልካዱም። “ሳይታጠን ማን ሊጠጣበት ኖሯል?” ብለው እንዲያውም እነሱ ተቆጡ።

በማግስቱ አግዳሚው ወንበር ላይ ዳማ አልነበረም፤ ካቻቪቴ ነበር። አባቴና ጋሼ ሁለቱን ፔርሙሶች ፈትተው ደህናውን የባለ መርከቡን ብርጭቆ ወደ ባለ አበባው ቆርቆሮ አስገቡት። ሰፋው፤ ከሰርግ ልብሴ የተረፈ ቁራጭ ጨርቅ ጠመጠሙበት። የአባቴ ቡሽ ወፈረ፤ ጋሼ በቢላ ጠረቡት። “ቀስ፣ መርካቶ ነው እንጂ የአንተ ድሬዳዋ አይደለም” ይላል አባቴ። ስድቡ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ጥር ላይ ተዳርኩ። ለሙስሊሞቹ እንግዶች የሚታረደውን በሬ መርጠው ያመጡት ጋሼ ናቸው። እናቴ ጠዋት ባፈላችው ሻይ ያን ፔርሙስ ሞላችና መኪናው ሲነሣ በመስኮት አቀበለችኝ፤ አባቴ ሊሰናበተኝ መጥቶ ቡሹን ብቻ ጠበቅ አደረገልኝ። ጋሼም ቃላቸውን ጠበቁ፤ ጥሩንባው ዴራን አቋርጠን ሲሬ እስክንገባ አላረፈም።

የአማቶቼ ቤት ስንደርስ ሊመሽ ነበር። ሙሽራ አትናገርም፤ እኔም ተሸፋፍኜ ጥግ ተቀመጥኩ። የማላውቀው ቤት፣ የማላውቀው ሰው። ጋሼ ሊመለሱ ሲሉ መጥተው ፊቴ ተንበረከኩ። በክዳኑ ቀዱና ከመሸፈኛዬ ሥር አስገቡልኝ። ቀመስኩት።

“ለአባትሽ ምን ልበለው?” አሉኝ።

“ያቃጥላል” አልኩ። የአማቶቼ ቤት ከአፌ የሰማው የመጀመሪያ ቃል እሱ ነው።

ጋሼ ተነሡ፣ ካፖርታቸውን አስተካከሉ። “ብርጭቆው የእኔ ነው” አሉ። ቀጥሎም ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው “ቡሹ ግን የእሱ ነው” አሉ።

ከዚያ የመኪናው ጥሩንባ ከደጅ ተነሥቶ ወደ ዴራ ሲርቅ ሰማሁት። እናቴ ጠዋት አሰላ ያፈላችውን ሻይ፣ ምላሴ እየተላጠ፣ እስከ መጨረሻው ጠጣሁት።